ድርቁን ያመጣው ማን ነው? ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችና የመምህሩ ድርሻ

ዘጋቢ ፊልም በሲኒማ ቤት ሲታይና በመማሪያ ክፍል ሲታይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ዋጋ ከፍሎ የገባ በመሆኑ ያየውን ለመውደድም ሆነ ለመጥላት፣ ለማመንም ሆነ ለመጠራጠር ነጻነት አለው። በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ግን መምህሩ መርጦ ያቀረበለትን ሥዕል ከመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ለይቶ አያየውም፤ መጋረጃው ተጋርዶ መብራቱ ሲጠፋ በነጩ ሸራ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ለእርሱ የተረጋገጠ ዕውቀት ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም በዓለም አደባባይ ያገኘው ሽልማትና ጭብጨባ ለክፍል አገልግሎት ብቁ ስለመሆኑ በቂ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይህ ጉዳይ በይበልጥ የሚያሳስበው ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ አካባቢ ፍትሕ በተሠሩት ፊልሞች ላይ ነው። እነዚህ ፊልሞች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ እጅግ በዝተዋል፤ በጂኦግራፊ፣ በሳይንስና በሥነ ዜጋ ትምህርት በኩልም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዘልቀዋል። ዛሬ ፊልሙን የሚያየው ሠልጣኝ ነገ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አባቱ ከሰል አክስሎ በሚያድር፣ እናቱ ኩበትና ጭራሮ ለቅማ በምታበስል ልጅ ፊት ይቆማል። ልጁም ዝናቡ ለምን እንደ ቀረ ይጠይቀዋል። መምህሩ ጥፋቱን ሁሉ በአባቱ መጥረቢያ ላይ ቢጭነው ልጁ በወላጆቹ እንዲያፍር ያደርገዋል፤ ጥፋቱን ሁሉ ከባሕር ማዶ ባለው ፋብሪካ ላይ ቢጭነው ደግሞ በሠፈሩ ያለው ቦረቦር በገዛ እጁ ሊደፈን እንደሚችል እንዳያስብ ያደርገዋል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ፊልሞቹም በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ይዘው የሚጓዙ በመሆናቸው፣ የትኛው ፊልም የትኛውን ግማሽ እንደ ያዘ ለይቶ ማወቅ የመምህሩ ሥራ ይሆናል።

በዚህ ረገድ በመጀመሪያ የሚነሣው ዴቪስ ጉገንሃይም ያዘጋጁት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውና የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር የሚናገሩበት «የማይመች እውነት» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ በተከታዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ በዚያው በ2007 አል ጎር ከአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፍለዋል። ፊልሙ በቅርጹ ሲታይ ከሞላ ጎደል በሥዕል የተደገፈ አንድ ረጅም ንግግር ነው። ተናጋሪው በመድረክ ላይ ይመላለሳሉ፤ ከበስተኋላቸው ግራፍና ፎቶግራፍ ይፈራረቃል። የፊልም ጥበብ አዋቂዎች ይህን እንደ ድክመት ሊቆጥሩት ይችላሉ። ለመምህር ግን ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ፊልም በቀላሉ አይገኝም፤ ምክንያቱም አል ጎር በዚህ ፊልም ውስጥ የሚሠሩት የመምህርን ሥራ ነው። በሐዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለካውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ሲያስረዱ፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ ወደ ላይ የሚያመራውን መስመር ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንደምትተነፍስ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ ክፍል በማስተማር ዘዴ ትምህርት በምሳሌነት ሊጠቀስ የሚገባው ነው። መስመሩ ከሸራው በላይ አልፎ ሲሄድ ተናጋሪው በሜካኒካል ማንሻ ላይ ወጥተው ይከተሉታል። ድርጊቱ ቀልድ ቢመስልም ቁጥሩን በተመልካቹ አእምሮ ይቀርጸዋል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊልሙ ሲወጣ 380 አልፎ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከ420 በላይ ደርሷል።

ይሁን እንጂ ይህ ፊልም ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ የደረሰበት ነገር ከፊልሙ ከራሱ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። የብሪታንያ መንግሥት በ2007 ፊልሙን በእንግሊዝ ለሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባደለ ጊዜ፣ አንድ የትምህርት ቤት አስተዳደር ቦርድ አባል ድርጊቱ የፖለቲካ ስብከት ነው በማለት ክስ አቀረቡ። ዳኛው ማይክል በርተን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በሰጡት ፍርድ ፊልሙ በጠቅላላው በሳይንስ የተደገፈ መሆኑን ተቀብለው፣ በዘጠኝ ቦታ ግን ሳይንቲስቶች በጋራ ከሚስማሙበት መራቁን ገለጹ፤ ከተሻሻለ የመምህራን መመሪያ ጋር ሆኖ እንዲታይም ፈቀዱ። ከዘጠኙ ነጥቦች ሁለቱ አፍሪካን የሚመለከቱ ናቸው። እነርሱም የኪሊማንጃሮ በረዶ መመናመንና የቻድ ሐይቅ መድረቅ ናቸው። ፊልሙ ወደዚህ አህጉር ሲመጣ ጥንቃቄው መላላቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። አፍሪካ በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትገባው ለምሳሌነት ነው፤ ምሳሌ ደግሞ ምርመራ አይደረግለትም።

የቻድ ሐይቅ ነገር ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን የነበረው ይህ ሐይቅ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነበረው ስፋት አንድ አሥረኛውን እንኳ አልያዘም ነበር። ፊልሙ የቀድሞውንና የኋለኛውን ሥዕል አሳይቶ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ፍርድ ቤቱ በበኩሉ የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽና የአካባቢው የአየር ጠባይ መለዋወጥ የተሻለ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ። ሠልጣኙ እዚህ ላይ ቢያቆም ፊልሙ ተሳስቶ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ አረመው ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን እርማቱም እርማት ያሻዋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሳህልን አገሮች የመታው ድርቅ ከውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ፣ ለዚህም ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ይወጣ የነበረው የድኝ ብናኝ የራሱን ድርሻ እንዳበረከተ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል፤ በይነ መንግሥታቱ ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርትም ይኸው ተመዝግቧል። እንግዲህ ፊልሙ ጉዳዩን ሁሉ የካርቦን ጉዳይ አደረገው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከብት አርቢውን ከተጠያቂዎቹ መካከል አስገባው፤ በኋላ የመጣው ጥናት ግን ወደ ሰሜኑ ጭስ ማውጫ መልሶ ጠቆመ። የመስኖው ድርሻም ሊዘነጋ አይገባውም። አንድ ሐይቅ በክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይቶ ሦስት ልዩ ልዩ ምክንያት ሲሰጠው ያየ ሠልጣኝ፣ ምክንያት መስጠት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደ ሆነ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ማስታወሻ ይልቅ ይረዳል።

ስለ ኢትዮጵያ ደንም ተመሳሳይ ነገር ሲነገር ኖሯል። አል ጎር በ1992 ባወጡት መጽሐፍ የኢትዮጵያ ደን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ ብለው ጽፈው ነበር። 40 በመቶ የተባለው ቁጥር በዚህ አገርም በንግግር፣ በሪፖርትና በጽሑፍ ያለ ጠያቂ ሲደጋገም የኖረ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን በ1997 ባወጡት ጥናት ይህ ቁጥር በአስተማማኝ ልኬት ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ የሰጠው ካሜራ ራሱ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሷቸው ሥዕሎች ተጠብቀው ቆይተው ነበር። ጃን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ እዚያው ቆመው እንደገና ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ መሬቱ ከዚያን ጊዜው ይልቅ በዛፍና በቁጥቋጦ ተሻሽሎ ተገኘ። ይህ ማለት አፈሩ አልታጠበም፣ ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም። ገበሬው በአርባ ዓመት ውስጥ አገሩን ምድረ በዳ አደረገ የሚለው ክስ ግን በዚህ መልኩ ሊቆም አይችልም። ድምፅም ሙዚቃም የሌላቸው፣ ከአንድ ቦታ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ፊልሞች የበለጠ ሲናገሩ ማየት ያስገርማል።

ይህንኑ ዘዴ በፊልም የተጠቀሙት ለረጅም ዓመታት በቻይና የኖሩት አሜሪካዊው ጆን ሊዩ ናቸው። ሊዩ በ1995 በቻይና የሎውስ አምባ የተባለውን፣ በጎርፍ ተቦርቡሮ ቢጫ አቧራ ብቻ የቀረውን አገር ፊልም ማንሣት ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ተመልሰው ኮረብታው በእርከን ተሸንሽኖ አረንጓዴ ለብሶ አገኙት። በ2009 የወጣው «ተስፋ በሚለዋወጥ የአየር ንብረት» የተባለው ፊልማቸው ከቻይና ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሩዋንዳ ይሻገራል። በኢትዮጵያ የሚያሳየው በትግራይ፣ በውቅሮ አካባቢ የምትገኘውን አብርሃ ወአጽብሃን ነው። ገበሬዎቹ ተራራውን ከልለው፣ እርከን ሠርተውና የጎርፉን ውኃ አስርገው ጉድጓዶቻቸው ውኃ እንዲይዙ አድርገዋል፤ በ2012ም ይህች ቀበሌ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝታለች።

እዚህ ከተነሡት ፊልሞች መካከል ኢትዮጵያዊው ገበሬ እጁን ለምጽዋት ሳይዘረጋ፣ በእጁ ዶማና አካፋ ይዞ የሚታይበት ይህ ብቻ ነው። ለሠልጣኞች ሊታይ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱም ያለው እዚሁ ብርታቱ ላይ ነው። ዓመታቱ በአንድ የሥዕል ለውጥ ያልፋሉ፤ ቢጫው ኮረብታ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ይመጣል። በመካከሉ ያለው የሰው ጉልበትና ክርክር አይታይም። ተራራው ሲከለል ፍየሎቹ ወዴት ሄዱ? ከሌላት ቤተሰብ ሁለት ፍየል ብቻ ያላት መበለት ምን ካሣ አገኘች? ገበሬው በየዓመቱ ያለ ክፍያ ለእርከን ሥራ የሚሰጠው ቀን ስንት ነው፣ የሚወስነውስ ማን ነው? ፊልሙ እነዚህን አይጠይቅም። በዚህ አገር ግን ጥያቄዎቹ መልሳቸውን በታሪክ ውስጥ ሰጥተዋል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ኮረብታ በችግኝ ተሸፍኖ ነበር፤ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በአያሌ ቦታዎች እርከኑ ፈረሰ፣ የማኅበሩ ዛፍ ተጨፈጨፈ። ገበሬው የእርከንን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሥራው በትእዛዝ የተሠራ፣ ዛፉም የእርሱ ያልሆነ መስሎ ስለ ታየው ነው። አብርሃ ወአጽብሃን ከእነዚህ ቦታዎች የለየው ምንድን ነው? ተመልካቹ ይህን ሳያውቅ አረንጓዴውን ብቻ አይቶ ቢወጣ፣ ነገ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ገበሬውን ሰነፍ እያለ የሚገሥጽ መምህር ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ፊልሙ የተነሣው በትግራይ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ጦርነት በፊት በመሆኑ እንደ ዛሬ ሁኔታ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

ጆን ሸንክ ያዘጋጁት «የደሴቱ ፕሬዚዳንት» (2011) በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ፊልሙ ከባሕር ወለል በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ያሉትን የማልዲቭ ደሴቶች ፕሬዚዳንት መሐመድ ናሺድን እየተከተለ እስከ 2009ኙ የኮፐንሃገን ጉባኤ ይደርሳል። ፕሬዚዳንቱ ደፋርና አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው፤ በስብሰባ አዳራሹ ጓዳ ያለውን ድርድር ለማሳየትም ከዚህ የሚሻል ፊልም አይገኝም። ነገር ግን ታሪኩ የአንድ ሰው ታሪክ ስለ ሆነ የደሴቶቹ ነዋሪዎች ብዙ አይናገሩም። ናሺድ በፌብሩዋሪ 2012 ከሥልጣን መውረዳቸውም ጉዳዩን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ አሳይቷል። በዚያ ጉባኤ የአፍሪካን ድርድር የመሩት የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንደ ነበሩ መምህሩ ጨምሮ ቢያስረዳ፣ የአዳራሹ ሥዕል ለኢትዮጵያዊው ተማሪ የበለጠ ይቀርበዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በ2017 የወጣው «ስለ ዝናቡ እናመሰግናለን» የተባለው ፊልም ነው። ልዩነቱ ካሜራውን ከያዘው እጅ ይጀምራል። የኖርዌይዋ ጁሊያ ዳር በምሥራቅ ኬንያ፣ በኪቱይ የሚኖሩትን ገበሬ ኪሲሉ ሙስያን ፊልም ለማንሣት ሄደው፣ ካሜራ ለገበሬው ለራሳቸው ይሰጣሉ። ኪሲሉም ለዓመታት የእርሻቸውን፣ የቤተሰባቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ኑሮ ያነሣሉ። ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል፤ ሆኖም በባለሙያ ካሜራ የማይገኝ ነገር ይዟል። ማዕበሉ መጥቶ ቤታቸውን ሲያፈርስ ካሜራው ያለው በጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ በመኪና የደረሰ እንግዳ ይዞት የመጣ አይደለም። ድርቅ ማለትም በዚህ ፊልም ውስጥ የተሰነጠቀ መሬት ሥዕል ብቻ አይደለም። ዘር ተዘርቶ የሚጠበቅበት ሳምንት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የታጣበት ወር ነው፤ ባል ለስብሰባና ለችግኝ ተከላ ሲመላለስ የእርሻው ሥራ ሁሉ በሚስት ላይ የወደቀበት ቤት ነው። ባልና ሚስቱ በዚህ ጉዳይ የሚወቃቀሱባቸው ትዕይንቶች ከፊልሙ ሁሉ የላቁ ናቸው ለማለት ይቻላል። የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው ነገር በአገሮች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ጎጆ ውስጥም እንዳለ እነዚህ ትዕይንቶች ያለ ስብከት ያሳያሉ።

ፊልሙ ክብደቱን የሚያጣው ኪሲሉ በ2015 ወደ ፓሪስ ጉባኤ በሄዱ ጊዜ ነው። ገበሬው በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ሲያዩ፣ ሲናገሩ፣ ሲያዝኑ ይታያሉ፤ በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደ ተወሰነ ግን ተመልካቹ በሚገባ አይረዳም። ኪሲሉን ያሳዘናቸው ነገር በወረቀት ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን ፊልሙ ባያመጣው መምህሩ ማምጣት አለበት። የፓሪሱ ስምምነት በአንቀጽ 8 በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ስለሚደርስ ጥፋትና ጉዳት ይናገራል፤ ከስምምነቱ ጋር የጸደቀው ውሳኔ ግን በ51ኛው ተራ ቁጥር ይህ አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሣ መሠረት እንደማይሆን ይገልጻል። ለጥፋትና ጉዳት የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ነበር። የዓለምን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ4 በመቶ ያነሰውን ብቻ ለምታወጣው አፍሪካ ይህ ተራ ቁጥር ከፊልሙ ሙዚቃ ሁሉ የበለጠ ትርጉም አለው። በዚያው በዲሴምበር 2015 ኤል ኒኞ ባስከተለው ድርቅ ምክንያት በኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር። ሠልጣኙ የኪቱይን ገበሬ፣ የፓሪስን ወረቀትና ይህን ቁጥር በአንድ ገበታ ላይ አድርጎ ቢያያቸው ፊልሙ የጎደለውን ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ መነሣት አለበት። ፊልሞቹ ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ የአየር ጠባይና የአየር ንብረት የሚሉት ቃላት ይደባለቃሉ፤ የዛሬው ዝናብና የሠላሳ ዓመቱ ልማድ አንድ ይሆናሉ። ከዚህ የከፋው ግን ድርቅንና ረሃብን አንድ አድርጎ መተርጎም ነው። ድርቅ የዝናብ መጥፋት ነው፤ ረሃብ የእህል ወደ ሰው አለመድረስ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የዓለም የአየር ጠባይ ምክንያት አጥኚዎች ቡድን በኤፕሪል 2023 ባወጣው ጥናት የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመድረስ ዕድል 100 ጊዜ ያህል እንዳበዛው ገልጿል። ይህ ስለ ድርቁ የተሰጠ መልስ ነው። በቦረና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር እህሉን በስንት ብር እንደ ገዛ፣ መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን፣ ዕርዳታው መቼ እንደ ደረሰ አይናገርም።

ይህን ልዩነት ለማስተማር ደግሞ ከወሎው ፊልም የተሻለ መሣሪያ የለም። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጁት «ያልታወቀው ረሃብ» በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንዳች የማይናገር ቢሆንም፣ በኋላ የመጡት የድርቅ ፊልሞች ሁሉ የእርሱን መልክ ይዘው ቀርተዋል። በረጋ ድምፅ የሚናገር ተራኪ፣ በዝምታ የተቀመጠ ሕዝብ፣ የእናትና የሕፃን ፊት። ፊልሙ ዓለምን ለዕርዳታ አንቀሳቅሷል፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው አሳይተው ነበር፤ ረሃቡ ያልታወቀው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሥዕሉ ውስጥ የሌለም ብዙ ነገር አለ። የአፋር አርብቶ አደሮች በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ የበጋ ግጦሻቸውን አጥተው ነበር። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ረሃቡ በነበረበት ወቅት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደ ነበር ገልጸዋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ ያጋለጠው የዝናቡ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የኖረበት የአገዛዝና የኑሮ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። ካሜራው የተራበውን ሰው ያየዋል፤ የተጫነውን የእህል መኪና አላየውም።

ፊልሙ ከዚያ በኋላ ያገኘው ዕጣ ለቅንብር ትምህርት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው የወሎ ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ሥዕሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከሥዕሎቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም። አዲስ የነበረው መቀሱ ብቻ ነው። ዲምብልቢ ያልጠየቁትን የተጠያቂነት ጥያቄ ቅንብሩ ጠየቀ፤ መልሱንም ለተመልካቹ ጊዜ ሳይሰጥ ራሱ ሰጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያን ፊልም ያሳየው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን የነበረው ረሃብ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን የቢ.ቢ.ሲ. ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዜና ዓለምን አዳረሰ። ያም ዜና ረሃቡን በቅዱሳት መጻሕፍት ዘመን እንደ ደረሰ መቅሠፍት አድርጎ አቀረበው፤ ጦርነቱም አገዛዙም ከሥዕሉ ጀርባ ቀሩ።

እነዚህን ፊልሞች በማሠልጠኛ ኮሌጅ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፊልሙን የማቆም ልማድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው፣ ብዙ ወቀሳ ያስከተለበት አንዱ ምክንያት ሥርጭቱ የማይቆም በመሆኑና መምህሩን ከተማሪው እኩል ተመልካች ስላደረገው ነበር። ዘጋቢ ፊልምም ከዳር እስከ ዳር ያለ ማቋረጥ ቢታይ ይኸው ይደርሳል። የወሎው ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ድምፁ ጠፍቶ ቢታይ፣ ሠልጣኞቹም ለሥዕሉ የራሳቸውን ትረካ በአማርኛ፣ ወይም በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢጽፉለት፣ ከዚያ በኋላ ዋናው ድምፅ ቢከፈትላቸው፣ የተራኪው ድምፅ በሥዕሉ ላይ የጨመረውንና ከሥዕሉ የቀነሰውን ራሳቸው ያገኙታል። ስለ ቻድ ሐይቅና ስለ አብርሃ ወአጽብሃም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሥራ አለ። የገጠር ሰው ረሃብን የሚጠራው በዓመቱ ነው፤ ስድሳ ስድስት ይላል፣ ሰባ ሰባት ይላል። ሠልጣኞች በክረምት ዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ በስድሳ ስድስት ዝናቡ መቼ እንደ ቀረ፣ እህል በገበያ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ባላባቱ ግብሩን ተወ ወይስ ጠየቀ፣ መጀመሪያ ማን እንደ ተሰደደ፣ የሚያስታውሱ ሰዎችን ጠይቀው የተነገራቸውን ቢጽፉ፣ ጽሑፉ ከፊልሙ ጎን በክፍል ሊነበብ ይችላል። በዚያ ዓመት ነፍስ ያወቁ ልጆች የነበሩት ዛሬ ስድሳውን ያለፉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው ለመጪው ዓመት ባይተላለፍ ይመረጣል።